ግንባታው ያለቀ ሕንፃ ለምን ለሥራ ዝግጁ አይሆንም? የአዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች ርክክብ ችግርና የሚቀርቡት መፍትሔዎች

አንድ አዲስ የንግድ ሕንፃ ተመርቆ ተከራዮች መግባት በጀመሩ ማግስት አሳንሰሩ ቆመ፣ የላይኞቹ ፎቆች ውኃ አጡ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት ይጮኻል የሚል ቅሬታ ሲሰማ፣ በአደባባይ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ተቋራጩ ሥራውን አበላሽቶታል ይባላል። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁንና በጥሩ ዕቃና በብቁ ባለሙያ የተሠሩ ሕንፃዎችም በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ይታያል። ችግሩ ከግንባታ ጥራት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ቁጥጥርን ማጥበቅ በበቃ ነበር። ርክክቡ ከተደራጀበት መንገድ የሚመነጭ ከሆነ ግን መፍትሔው መጀመር ያለበት የርክክቡ ቀን ከመድረሱ ከብዙ ወራት በፊት ነው።

አንድ ሕንፃ፣ የተለያዩ ፍጻሜዎች

አንድ ሕንፃ ተጠናቀቀ ሲባል ተቋራጩ፣ ፈቃድ ሰጪው አካል፣ ባለቤቱና ተከራዩ የሚረዱት ነገር አንድ አይደለም። ለተቋራጩ በውሉ የተዘረዘሩት ሥራዎች ተሠርተው አጠቃቀሙን የማያውኩ ጥቃቅን ጉድለቶች ብቻ ሲቀሩ ሥራው አልቋል። ፈቃድ ሰጪው የሚመለከተው ሰው ቢገባበት ለሕይወት አስጊ አለመሆኑን ነው፤ የማምለጫ ደረጃው፣ የእሳት መከላከያውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ደንቡን ካሟሉ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል። ባለቤቱ ኪራይ መሰብሰብ የሚጀምርበትን ቀን ያሰላል። ተከራዩ ደግሞ ኔትወርኩ ተዘርግቶ፣ ክፍሎቹ ተከፋፍለው፣ አየሩ ተስማምቶ ሠራተኞቹ ያለ እንከን ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ይጠብቃል። በእነዚህ ቀናት መካከል የወራት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ የምረቃው ቀን ደግሞ ከየትኛቸውም ጋር የግድ አይገጥምም።

ልዩነቱ የሚያመጣው ጣጣ የሚገባን ገንዘቡና ኃላፊነቱ የሚንቀሳቀሱት በየትኛው ቀን እንደሆነ ስናይ ነው። የሚንቀሳቀሱት ተቋራጩ በሚረዳው ፍጻሜ ላይ ነው።

ውሉ ምን ይላል?

በዓለም አቀፍ ግንባታ በስፋት የሚሠራበት የፊዲክ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ የውል ሰነድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የፊዲክ ውል አንቀጽ 10.1 መሠረት ተቋራጩ ሥራው ያልቃል ብሎ ከሚገምትበት ቀን 14 ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ የርክክብ የምስክር ወረቀት መጠየቅ ይችላል። ውሉን እንዲያስተዳድር ባለቤቱ የሰየመው መሐንዲስ በ28 ቀናት ውስጥ ወይ የምስክር ወረቀቱን ይሰጣል፣ ወይ የቀረውን ሥራ ጠቅሶ ጥያቄውን ይመልሳል። መሐንዲሱ ዝም ካለና ሥራው በመሠረቱ ውሉን ያሟላ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ በመጨረሻው ቀን እንደተሰጠ ይቆጠራል። ከዚያች ቀን በኋላ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከየክፍያው ሲቀነስ ከቆየው መያዣ ገንዘብ (ሪቴንሽን) ግማሹ ይለቀቃል፣ የመዘግየት ካሣ መቁጠር ያቆማል፣ የሕንፃው ጥበቃ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚሆነው የጉድለት ማስታወቂያ ጊዜም መቆጠር ይጀምራል። በተለምዶ ጊዜያዊ ርክክብ የሚባለው ይህ ሲሆን፣ የመጨረሻው ርክክብ የሚመጣው ያ ጊዜ አልፎ ጉድለቶቹ ከታረሙ በኋላ ነው።

ብዙ ባለቤቶች ልብ የማይሉት አንቀጽ 10.2ን ነው። በውሉ የተፈቀደ ወይም ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ጊዜያዊ አጠቃቀም ካልሆነ በቀር፣ ባለቤቱ የምስክር ወረቀቱ ሳይሰጥ አንዱን የሕንፃ ክፍል ከተጠቀመ፣ ክፍሉን ከተጠቀመበት ቀን ጀምሮ እንደተረከበው ይቆጠራል፤ ተቋራጩም ለዚያ ክፍል ጥበቃ ያለበት ኃላፊነት ያበቃል። ኪራይ ቶሎ እንዲጀመር በማለት ምድር ቤቱን ለአንድ ባንክ ወይም ለአንድ ሱቅ አስቀድሞ የከፈተ ባለቤት፣ ከወር በኋላ የተሰነጠቀ የወለል ንጣፍና የተጫረ የአሳንሰር በር ሲያገኝ ጉዳቱን ማን አደረሰው የሚለውን ማስረዳት ይቸግረዋል። ተቋራጩ የተከራዩን ዕቃ ጫኞች ይጠቁማል፣ ተከራዩ የተቋራጩን ሠራተኞች ይጠቁማል፤ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት በፎቶግራፍና በፊርማ የተያዘ መዝገብ ከሌለ ክርክሩ መቋጫ አያገኝም።

እዚህ ላይ ውሉ ተሳሳተ ማለት አይደለም። ውል አደጋን ለማከፋፈል የተጻፈ ሰነድ ስለሆነ አንድ ቁርጥ ያለ ቀን ያስፈልገዋል። ችግሩ የሚመጣው የፕሮጀክቱ ሰዎች ሁሉ ያችን ቀን የሥራቸው መጨረሻ አድርገው ሲያዩት ነው። ሕንፃውን የሚያውቁት ሰዎች የሚወጡት፣ የማያውቁት ሰዎች በሚገቡበት በዚያው ሳምንት ይሆናል።

ዕውቀቱ የት ይቀራል?

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ሕንፃው በተከፈተ በሁለተኛው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የውኃ መስመር ያፈሳል። የጥገና ሠራተኛው ማድረግ ያለበት የዚያን ፎቅ መዝጊያ ቫልቭ አግኝቶ መዝጋት ብቻ ነው። ፕላኑ ቫልቩን ከመታጠቢያ ክፍሉ በር በላይ ያሳያል፤ ኮርኒሱ ሲከፈት ግን ቦታው ባዶ ነው። በግንባታው ወቅት እዚያ ቦታ ላይ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ስለመጣ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ቫልቩን ጥቂት ሜትሮች አርቆ ገጥሞታል። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ፎርማኑም ያውቀው ነበር፤ ወደ ሥዕሉ ግን አልገባም። ስለዚህ የአንድ ፎቅ ውኃ ለመዝጋት የመላው ሕንፃ ዋና መስመር ይዘጋል፣ እስከዚያው ድረስም ውኃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የተከራይ ኮምፒውተር ያበላሻል።

አስ ቢልት የሚባለው ሥዕል፣ ማለትም ሕንፃው በተግባር የተሠራበትን ሁኔታ የሚያሳየው፣ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የዲዛይኑ ሥዕል ርዕሱ ተቀይሮ ይቀርባል። የአሠራርና የጥገና መመሪያውም ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ ከየአምራቹ የተሰበሰቡ ካታሎጎች በወፍራም አቃፊ ተጠርዘው ይመጣሉ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የተገጠመው የትኛው ሞዴል እንደሆነ፣ ማጣሪያው በየስንት ጊዜ እንደሚለወጥ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ የሚናገር ገጽ ግን ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ሰነዱ የሚሰበሰበው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ንዑስ ተቋራጭ ክፍያውን ጨርሶ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2004 ባወጣው ጥናት፣ መረጃ ከአንዱ ባለሙያና ሥርዓት ወደ ሌላው በአግባቡ ባለመተላለፉ የአገሪቱ የትልልቅ ሕንፃዎችና ተቋማት ዘርፍ በ2002 ብቻ 15.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ እንደደረሰበት ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው፣ 10.6 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ፣ የወደቀው በሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነው። መረጃውን ባለማስረከብ የሚቆጥበው አንዱ ወገን፣ የሚከፍለው ሌላው ወገን መሆኑ ልማዱ ለምን ቶሎ እንደማይለወጥ ያስረዳል።

መዘግየቱን የሚውጠው የሙከራ ጊዜ

ኮሚሽኒንግ ማለት መሣሪያዎች ከተተከሉ በኋላ፣ መጀመሪያ ለየብቻ ከዚያም አንድ ላይ እየሠሩ፣ በዲዛይኑ የታሰበውን ውጤት መስጠታቸውን በመለካትና በማስተካከል ማረጋገጥ ነው። ሥራው በባሕርዩ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፤ ቋሚ የኤሌክትሪክ ኃይል መግባት አለበት፣ መስኮቶች መዘጋት አለባቸው፣ ቱቦዎች ከአቧራ መጽዳት አለባቸው። ስለዚህ መሠረቱ ሲቆፈር የጠፋው ሳምንትና መስታወቱ ከወደብ ሳይደርስ የባከነው ወር ተደምረው የሚቀነሱት ከዚህ ጊዜ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ስምንት ሳምንት የተያዘለት ሙከራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሚሠራው ለየብቻው የሚደረገው ቀላሉ ክፍል ብቻ ይሆናል።

የሚቀረው ከባዱ ነው። ዋናው ኃይል ሆን ተብሎ ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ በስንት ሰከንድ ይነሣል? አሳንሰሮቹ ወደ ምድር ወርደው በራቸውን ይከፍታሉ? የጭስ ማውጫዎቹ ይነሣሉ? በኤሌክትሪክ የተቆለፉት የማምለጫ በሮችስ ይለቀቃሉ? ይህን ለመመለስ አምስትና ስድስት ንዑስ ተቋራጮች በአንድ ቀን አንድ ቦታ መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ሙከራው ይተላለፋል።

የበርሊን ብራንደንቡርግ አውሮፕላን ማረፊያ የዚህ እጅግ የታወቀው ምሳሌ ነው። ጁን 3 ቀን 2012 ይከፈታል ተብሎ ግብዣው ተላልፎ ሳለ፣ አራት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው መክፈቻው ተሰረዘ። ዋነኛው ምክንያት የእሳት መከላከያውና የጭስ ማስወገጃው ሥርዓት በአግባቡ መሥራቱ ባለመረጋገጡ ነበር። ተርሚናሉ በዓይን ሲታይ የተጠናቀቀ ይመስል ነበር፤ ሥራ የጀመረው ግን በኦክቶበር 2020 ነው። የለንደኑ ሂትሮው ተርሚናል 5 ደግሞ ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ተርሚናሉ ማርች 27 ቀን 2008 በተያዘለት ቀን ተከፈተ፣ ነገር ግን የሻንጣ ማጓጓዣው ተስተጓጉሎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። በኋላ በብሪታንያ ምክር ቤት በቀረበው ምስክርነት፣ የግንባታው መጓተት የሙከራውን ጊዜ እንዳሳጠረና ሠራተኞቹ ከአዲሱ ቦታ ጋር በበቂ ሁኔታ እንዳልተዋወቁ ተነግሯል። በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አዲሱ ተርሚናል 2 በጁን 2014 ሲከፈት አንድ አየር መንገድ ብቻ ገብቶ ሥራ ጀመረ፣ ሌሎቹም በወራት ውስጥ ተራ በተራ ተከተሉ። በእኔ እይታ ከሁለቱ አከፋፈቶች የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም ባለብዙ ተከራይ ሕንፃ በቀጥታ ይሠራል፤ ሁሉም ተከራይ በአንድ ሰኞ እንዲገባ ማድረግ የሕንፃውን የመጀመሪያ ሙሉ ሙከራ በተከራዮች ላይ ማካሄድ ነው።

የሚያሳስበው ትልቁ ብልሽት ብቻ አይደለም። በሙከራ ወቅት አንድ ቴክኒሺያን የአየር ማቀዝቀዣውን መለኪያ ለመውሰድ መቆጣጠሪያውን ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ይቀይረዋል፤ ሥራው በጥድፊያ ሲያልቅ ሳይመልሰው ይወጣል። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ ባዶ ቢሮዎችን ሲያቀዘቅዝ ይኖራል። ማንም ቅሬታ አያቀርብም፣ ምክንያቱም ጠዋት ሲገቡ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። የሚታየው በኤሌክትሪክ ሒሳቡ ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ ሕንፃ ደግሞ የሚነጻጸርበት ያለፈ ዓመት ሒሳብ የለውም። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 የ643 ሕንፃዎችን መረጃ አሰባስቦ ባወጣው ጥናት፣ በአዳዲስ ሕንፃዎች በሥርዓት የተካሄደ ኮሚሽኒንግ ያስገኘው የኃይል ቁጠባ መካከለኛ ዋጋው 13 በመቶ ሲሆን፣ ወጪውም በ4.2 ዓመት ገደማ እንደሚመለስ አሳይቷል።

ተከራዩ ይዞት የሚመጣው ሁለተኛ ግንባታ

የንግድ ሕንፃን ከትምህርት ቤት ወይም ከሆስፒታል የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ሲነደፍ ማን እንደሚገባበት ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ብዙው የሚሠራው ሼል ኤንድ ኮር በሚባለው አኳኋን ነው፤ ማለትም ባለቤቱ መዋቅሩን፣ የውጭ ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ አሳንሰሩንና ዋና ዋና መስመሮቹን ሠርቶ ወለሎቹን ክፍት ይተዋል፤ የውስጥ ክፍፍሉንና ማጠናቀቂያውን እያንዳንዱ ተከራይ በራሱ ተቋራጭ ያሠራል።

ተከራዩ ያቆመው ግድግዳ የሙቀት መለኪያውን ከሚቆጣጠረው ክፍል ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ቢሮ ሲሞቅ የሚቀዘቅዘው ጎረቤቱ ነው። አዲስ የተገጠመ ኮርኒስ የእሳት ማጥፊያ ውኃ የሚረጨውን አፍ ይሸፍነዋል። አቧራ እንዳይገባ በጭስ ጠቋሚዎች ላይ የተደረገው የፕላስቲክ ክዳን ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይነሣ ይቀራል፣ ጠቋሚውም በፓነሉ ላይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። በእነዚህ ሁሉ የባለቤቱ ተቋራጭ ተጠያቂ አይደለም፣ የተከራዩ ተቋራጭም የሕንፃውን ጠቅላላ ሥርዓት አያውቅም። ከተከራይ ሥራ በኋላ የሚደረግ ሁለተኛ ሙከራ በኪራይ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ የሚያደርገው ሰው የለም።

ሶፍት ላንዲንግስ የሚባለው አሠራር

ለዚህ ሁሉ ከቀረቡት መልሶች ውስጥ የተደራጀው ሶፍት ላንዲንግስ የሚባለው ነው። የሐሳቡ አመንጪ እንግሊዛዊው አርክቴክት ማርክ ዌይ ሲሆን፣ ቢስሪያ የተባለው የብሪታንያ የሕንፃ አገልግሎቶች ምርምር ድርጅት ከዩዝብል ቢልዲንግስ ትረስት ጋር በ2009 እንደ መመሪያ አሳትሞታል። መነሻው ከ1995 ጀምሮ ፕሮብ በተባለ ተከታታይ ጥናት የተገኘው ውጤት ነበር፤ ሥራ ላይ ያሉ ሕንፃዎች ሲለኩ ከታሰበላቸው በላይ ኃይል ሲፈጁና ተጠቃሚዎቻቸው መቆጣጠሪያዎቹን መረዳት ሲያቅታቸው ታየ።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር ንድፍ አውጪውና ተቋራጩ ከርክክቡ በኋላም በሕንፃው ላይ ሥራ እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። በፕሮጀክቱ መጀመሪያ ላይ የሚደረስበት ውጤት በሚለካ መልኩ ይጻፋል። ንድፉ ሲወጣ ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ይጠየቃሉ፤ ማጣሪያው የሚለወጠው በምን መሰላል ተወጥቶ ነው የሚለው ጥያቄ በሥዕል ላይ ሲነሣ ዋጋው እርሳስና ላጲስ ነው። ከርክክቡ በፊት የጥገና ቡድኑ በሙከራዎቹ ላይ ይገኛል። ሰዎች ከገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የፕሮጀክቱ ተወካይ በሕንፃው ውስጥ ተቀምጦ ጥያቄ ይመልሳል፣ ቀላሉን እዚያው ያስተካክላል፤ ክትትሉም እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። የብሪታንያ መንግሥትም የራሱን ቅጂ አዘጋጅቶ ከ2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ እንዲተገበር ጠይቋል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

ተቋራጮች የሚያነሡት ስጋት መሠረት አለው። ክትትሉ ሲራዘም ጉድለት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ያስቸግራል፤ ተከራዩ በአጠቃቀም ያበላሸው ነገር ሁሉ ወደ እነርሱ ሊዞር ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ክትትሉን ከጉድለት ተጠያቂነት ለይቶ፣ ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው አገልግሎት አድርጎ በውሉ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በነጻ የተጠየቀ ክትትል በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል።

ሌሎች ደግሞ አዲስ አሠራር አያስፈልግም፣ ያለውን ውል በጥብቅ ማስፈጸም ይበቃል ይላሉ። በሰነድ ረገድ እውነት አላቸው። የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ተቋራጩ ራሱ የነደፈው ክፍል፣ አስ ቢልት ሥዕሉና መመሪያው ለመሐንዲሱ ሳይቀርቡ ለርክክብ እንደተጠናቀቀ እንደማይቆጠር ይደነግጋል፤ ይህ ቢከበር ብቻ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ነገር ግን የመክፈቻ ቀን ታውጆና ተከራይ ዕቃውን ጭኖ በር ላይ ቆሞ ሳለ በአቃፊ ምክንያት ርክክብ የሚከለክል መሐንዲስ ብዙ አይደለም። ሰነዱ ወለል በወለል፣ ከክፍያ ጋር ተያይዞ ከተሰበሰበ ግን በመጨረሻው ሳምንት የሚያፋጥጥ ጉዳይ አይሆንም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሕንፃውን ሠርቶ ለመሸጥ ያሰበ አልሚ የሚያነሣው ነው። ቁጠባው የሚሄደው ለገዢው ወይም የኤሌክትሪክ ሒሳብ ለሚከፍለው ተከራይ ከሆነ እርሱ ለምን ወጪ ያወጣል? ይህን በምክር መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው በገበያው ውስጥ የሕንፃው ትክክለኛ አፈጻጸም ዋጋ ሲኖረው ነው። አውስትራሊያ የሄደችበት መንገድ ለዚህ ይጠቀሳል። ናበርስ በተባለው የምዘና ሥርዓት አንድ የቢሮ ሕንፃ ደረጃ የሚሰጠው ለ12 ወራት በተለካ ትክክለኛ ፍጆታው ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ትልልቅ የቢሮ ቦታዎች ሲሸጡ ወይም ሲከራዩ ደረጃቸውን ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ሆኗል። እንዲህ ባለ ገበያ አልሚው ከተቋራጩ የሚረከበው ነገር የተሻለ ኪራይ የሚያወጣለትን ደረጃ ለማግኘት መብቃቱን መጠየቅ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ዓመት አያያዝ

ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ አንድ ባለቤት በራሱ ውል ውስጥ ሊያስገባው የሚችለው ነገር አለ። አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በአንድ ወቅት ተሞክረው ሊረጋገጡ አይችሉም፤ በቀዝቃዛው ወራት የተረከበ ሕንፃ የማቀዝቀዝ አቅሙ የሚታወቀው ሙቀቱ ሲመጣ ነው፤ የጣሪያና የመሬት ውስጥ ውኃ መከላከያም የሚፈተነው ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ነው። ሊድ የተባለው የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘና በተጠናከረው የኮሚሽኒንግ መስፈርቱ፣ ሕንፃው ከተጠናቀቀ በ10ኛው ወር ገደማ አሠራሩ እንደገና እንዲገመገም የሚጠይቀው የአንድ ዓመቱ ዋስትና ሳያልፍ ጉድለቱ እንዲገኝ ነው። ለግምገማው ቀን ሲቆረጥለት፣ ንዑስ ተቋራጮቹ የመገኘት ግዴታቸው በውላቸው ሲሰፍርና ከቀረው መያዣ ገንዘብ የተወሰነው ከውጤቱ ጋር ሲታሰር፣ አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ የመጨረሻውን ርክክብ የሚፈርመው ባለቤት በእጁ የሚይዘው የአንድ ሙሉ ዓመት የሥራ መዝገብ ይሆናል።